ቅጠል ያለው ቁልቋሌ ቅጠሉን እያራገፈብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ቡቃያ (ሜሪላንድ)
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ሚያዝያ ፔሬስኪያ አኩሌያታ የሚባል ትንሽ ቁጥቋጦ ገዛሁ። ሻጩ ቁልቋል ነው ስላለኝ አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ተከልኩት፤ ውኃ የማጠጣውም በወር አንዴ ነው። ብርዱ ሲገባ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ። ትናንት ብቻ 14 ቅጠል ለቀምኩ። ያለው መስኮት ሥር ነው። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ውስጡ አረንጓዴ ነው። እውነት ቁልቋል ነው? ሐዋሳ ላለችው እናቴም ለአጥር የሚሆን ቁራጭ ልልክላት አስቤ ነበር።

የሳሎን አትክልት
አልተታለልሽም እህቴ፣ ቁልቋል ነው። ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበትን ቦታ ጠጋ ብለሽ እዪው። ጥጥ የመሰለች ትንሽ ትራስ አለች፤ እሾሁ የሚወጣው ከእሷ ነው። የቁልቋል ቤተሰብ መታወቂያው ያቺ ናት። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው የአገራችን ቁልቋል ግን ሌላ ቤተሰብ ነው።

የበረሃ ተክል ግን አይደለም። ብራዚል ውስጥ ጫካ ዳር፣ ባሕር ዳር ባለ ቁጥቋጦ መሃል ይበቅላል። ዝናብም ጥላም ያገኛል፤ ሥሩም የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው። ልጅ ሳለ ቁጥቋጦ ነው፤ ሲያድግ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ እስከ 10 ሜትር ይወጣል። ወር ሙሉ ሲጠማ ቅጠሉን የሚጥለው ለዚህ ነው። ብርድም አይወድም፤ ከ10 ዲግሪ በታች አታድርሺው። ከመስኮቱ አርቂው። ብርዱ ሲያልፍ ኮምፖስት ወዳለበት አፈር አዛውሪው።

ቡቃያ
ጣቴን ከተትኩበት፤ አፈሩ እስከ ታች ዱቄት ሆኗል። አሁኑኑ ላጠጣው?

ጓሮ ወዳድ
ቀስ በዪ። ቅጠሉ የረገፈ ተክል ብዙ ውኃ አይጠጣም፤ ብታጥለቀልቂው ሥሩ ይበሰብሳል። ዛሬ አንድ ብርጭቆ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ላዩ ሁለት ጣት ያህል ሲደርቅ ብቻ ጨምሪለት።

እናት ጓዳ
ሚናስ ዤራይስ በሚባለው የብራዚል ክፍል ቅጠሉን እንደ ጎመን ከዶሮ ጋር ይሠሩታል። ስሙን ኦራ ፕሮ ኖቢስ ይሉታል። ላቲን ነው፤ እኛ «ሰአሊ ለነ» እንደምንለው መሆኑ ነው። እኔ ስሙን ስሰማ ደስ አለኝ። ከሱቅ የተገዛውን ግን አትቅመሺ፤ ምን እንደተረጨበት አይታወቅም።

ደርባን ነዋሪ
እህቴ፣ ቁራጩን ለእናትሽ አትላኪ። በጣም እለምንሻለሁ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ወራሪ አረም ሆኖ ሕግ ከልክሎታል። ዛፉን ከላይ እስከ ታች አልብሶ ያንቀዋል። የተቆረጠ ግንድ መሬት ከነካ ሥር ያወጣል። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ ከብራዚል አምጥተው ከ1991 ጀምሮ ለቀውበታል፤ አሁንም አልጠፋም። እኔ ራሴ ከጓሮዬ ስነቅል አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወስዶብኛል። የለጋው ግንድ እሾህ እንደ መንጠቆ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ልብስም ሥጋም ይዞ አይለቅም። ስትቆርጪው ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጊ። ቁራጩንም በፌስታል ቋጥረሽ ጣዪ።

ቡቃያ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ወጥ ቤት፣ ብርሃን ያለበት ጥግ አስገብቼዋለሁ፤ አንድ ብርጭቆ ውኃም ሰጥቼዋለሁ። ለእናቴም ደውዬ ቁራጩ እንደቀረ ነገርኳት።