ከሦስተኛው «ዱን» በፊት
ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለን አንባቢዎች ሦስተኛውን የ«ዱን» ፊልም ስንጠብቅ፣ ሁለቱን በአማርኛ ሰብታይትል ልናይ ነው። ፊደሉ ግን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። መጽሐፉንስ እስከየት እናንብብ?

— ሳጥን ከሆነ የፎንት ጉዳይ ነው፤ በፊልም ማጫወቻው ቪኤልሲ ላይ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ምረጡ። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ግን የሰብታይትሉን ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ በዩቲኤፍ-8 (የፊደል ኮድ አጻጻፍ ዓይነት ነው) አስቀምጡት።

— ፍጥነቱንም እዩ። ፋይሉ በሰከንድ ለ25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ተሠርቶ ፊልሙ 23.976 ከሆነ፣ 155 ደቂቃ የሚፈጀው የመጀመሪያው ፊልም ሲያልቅ ጽሑፉ 6 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይሄዳል። በቪኤልሲ ጽሑፉን ወደፊትና ወደኋላ የሚገፉት ጂ እና ኤች ቁልፎች ይህን አያድኑትም፤ ሁሉንም እኩል ነው የሚገፉት። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው የሰብታይትል ማረሚያ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነቱን ቀይሩ።

— ለሁለቱ ፊልሞች የ1965ቱ (እ.ኤ.አ.) «ዱን» መጽሐፍ ይበቃል። ለሦስተኛው ተከታዩ የ1969ኙ «ዱን መሳያ» (Dune Messiah) ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ከመጀመሪያው መጽሐፍ 12 ዓመት በኋላ ነው። አጭርና መራራ ነው፤ ጀግና ፍለጋ የሚያነበው ሰው ይከፋዋል።