አንድሮይድ 4.3 ላይ ጂቢ ዋትስአፕ መጫን ያዋጣል? (ጋላክሲ ኤስ3፣ ጅማ)

የቆጪዋ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። የእናቴ ስልክ ጋላክሲ ኤስ3 ነው፤ ሞዴሉ ጂቲ-አይ9300፣ አንድሮይድ 4.3። ስክሪኑም ድምፁም ደህና ነው፤ ዋትስአፕ ግን ስልኩ ከእንግዲህ አይደገፍም ብሎ ተዘግቷል። ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር የምታወራው በሱ ብቻ ነው። መርካቶ ያለ አንድ ሞባይል ቤት "ጂቢ ዋትስአፕ ልጫንላችሁ፣ አሮጌ ስልክ ላይም ይሠራል" አለን። በዜንደር (ፋይል መላላኪያ አፕ) የተላከልኝን ሌላ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ስሞክር ደግሞ የመተንተን ስህተት አለ እያለ አልጫን አለ። ሞዱን ላስጭን ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የእህቴ የድምፅ መልእክቶች እንዲጠፉ አልፈልግም።

የአጂፕ ሶፍትዌር፦
እህቴ፣ አታስጭኚው። ጂቢም ሆነ ኤፍኤም ወይም ዮ የሚባሉት ራሳቸውን የቻሉ አፖች አይደሉም። የዋትስአፕን ኤፒኬ ፈትተው፣ ቀለምና ትርፍ ሴቲንግ ጨምረው፣ በራሳቸው ፊርማ መልሰው ያሰሩት ነው፤ ሞድ የሚባለው ይህ ነው። የሚገናኙትም ከዚያው ከዋትስአፕ ሰርቨር ጋር ነው። ዋትስአፕ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ዝቅተኛውን አንድሮይድ 5.0 አድርጎታል፤ ከአዲሱ ቅጂ የተሠራ ሞድም ያንኑ ይወርሳል።

ያየሽው ስህተት የመጣው ከዚህ ይመስላል። እያንዳንዱ ኤፒኬ ውስጥ የሚፈልገው ዝቅተኛ ደረጃ በቁጥር ተጽፏል። አንድሮይድ 5.0 ቁጥሩ 21 ነው፣ 4.3 ደግሞ 18። ኤፒኬው 21 ከጠየቀ ስልኩ ገና ሳይጭነው ይመልሰዋል። (በዜንደር ተቆርጦ የደረሰ ፋይልም ያንኑ ስህተት ያመጣል፤ መጠኑን ከላኪው ስልክ ጋር አስተያዪ።) ቁጥሩን በእጅ ዝቅ ያደረጉ ሞዶች አሉ፤ እነሱ ይጫናሉ፣ ሲከፈቱ ግን ወዲያው ይዘጋሉ፤ ኮዱ የሚጠራው ነገር 4.3 ውስጥ የለምና። ከድሮ ቅጂ የተሠራው ሞድ ደግሞ ይከፈታል፣ ስልክ ቁጥር ስታስገቢ ቅጂው ጊዜው አልፎበታል ይልሻል። በየትኛውም በኩል ቢሄዱ የሚያግደው የስልኩ አንድሮይድ ስለሆነ ሞዱ የሚፈታው ነገር የለም።

አደጋው ደግሞ እዚህ ስልክ ላይ ከአዲስ ስልክ ይብሳል። ፈቃድን አንድ በአንድ መከልከል የመጣው በአንድሮይድ 6.0 ነው። 4.3 ላይ "ጫን" ስትዪ ኤስኤምኤሱን፣ ስም ዝርዝሩን፣ ማይክራፎኑን ሁሉንም በአንዴ ሰጠሽ ማለት ነው። የደህንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ በኦገስት 2021 ኤፍኤም ዋትስአፕ 16.80.0 ውስጥ፣ በኦክቶበር 2022 ደግሞ ዮ ዋትስአፕ 2.22.11.75 ውስጥ ትሪያዳ የተባለውን ትሮጃን (ተደብቆ የሚገባ ጎጂ ፕሮግራም) አግኝቷል። የመጀመሪያው ባለቤቱ ሳያውቅ ለክፍያ አገልግሎት ሊመዘግብና ካርድ ሊበላ የሚችል ነው፤ ሁለተኛው የዋትስአፑን የመግቢያ ቁልፍ ወደ ውጭ ይልክ ነበር።

የቆጪዋ፦
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው አንድሮይዱን ራሱን ማሳደግ ይቻላል? ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት ስፈልግ ምንም የለም ይላል።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ለዚህ ሞዴል ከሳምሰንግ የመጣው የመጨረሻ 4.3 ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ብትጠብቂ አይመጣም። ሊኔጅ ኦኤስ 14.1 የሚባለው ሮም (በስልኩ አንድሮይድ ምትክ የሚጫን ሲስተም) ግን ለአይ9300 ተሠርቷል፤ እሱ አንድሮይድ 7.1.2 ነው። ከመጀመርሽ በፊት ዋትስአፕ በእርዳታ ገጹ ላይ አሁን የሚጠይቀውን ዝቅተኛ አንድሮይድ እዪ፤ ደረጃው በየጊዜው ከፍ ይላልና።

ባትሪውን አውጥተሽ ከሥሩ ያለውን ሞዴል በደንብ አንብቢ። መጨረሻው ላይ ሌላ ፊደል ያለበት አይ9300አይ ውስጡ ሌላ ቺፕ ነው፤ አይ9305ም የራሱ ሮም አለው። የአንዱን ለሌላው መጫን ነው ስልክ የሚገድለው።

ቀጥሎ የእናትሽ መልእክት። ዋትስአፕ ቢዘጋም ፋይሎቹ አልጠፉም። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር አገናኝተሽ "ዋትስአፕ" የሚለውን ፎልደር እንዳለ ቅጂው፤ ፍላሽ ላይም አንድ አስቀምጪ። ዳታቤዝ በሚለው ውስጥ ስሙ ኤምኤስጂስቶር ብሎ ጀምሮ በክሪፕት የሚያልቅ ፋይል አለ፤ ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው። አፑ በየሌሊቱ 8 ሰዓት (በስልኩ አቆጣጠር 2 ሰዓት) ራሱ ያስቀምጠዋል። ሚዲያ በሚለው ውስጥ ያሉት የድምፅ መልእክቶች ግን ቁልፍ የሌላቸው ተራ የኦፐስ ፋይሎች ናቸው። ዳታቤዙ አልመለስ ቢል እንኳ የእህትሽን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ታደምጪዋለሽ። ስም ዝርዝሩንም ከኮንታክት ውስጥ ወደ ሚሞሪ ካርድ ላኪው።

አሁን ፍላሹ፣ ማለትም ሮሙን ስልኩ ላይ መጫኑ። ላፕቶፕ ተጠቀሚ እንጂ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ አይሁን፤ መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ ይችላል። የስልኩ ባትሪ ከ60 በመቶ በላይ ይሁን። የሳምሰንግ ዩኤስቢ ድራይቨር፣ ኦዲን (ከኮምፒውተር ወደ ሳምሰንግ ስልክ የሚጽፍ ፕሮግራም) እና ለአይ9300 የተሠራ ቲደብልዩአርፒ (ሮም የሚጫንበት ሪከቨሪ፣ አንድሮይዱ ሳይነሳ የሚከፈት ሜኑ) ያስፈልጋሉ፤ የሮሙን ዚፕ ደግሞ ሚሞሪ ካርድ ላይ አድርጊ።

ስልኩን አጥፍተሽ ድምፅ መቀነሻ፣ ሆም እና ፓወርን አንድ ላይ ያዢ፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ድምፅ መጨመሪያን ተጫኚ። ኦዲን ላይ ቲደብልዩአርፒን ኤፒ (በድሮው ኦዲን ፒዲኤ) በሚለው ቦታ አስገቢ። ሪ-ፓርቲሽን ምልክት አይኑርበት። ኦቶ ሪቡት የሚለውንም አንሺው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ፓስ ካለ በኋላ ስልኩ ወደ ድሮው ሮም ከተነሳ፣ ያ ሮም የራሱን ሪከቨሪ መልሶ ይጽፍበታል፤ ያስገባሽው ሪከቨሪ ይጠፋል። ስለዚህ ፓስ እንዳለ ባትሪውን አውጪ፣ መልሺ፣ ከዚያ ድምፅ መጨመሪያ፣ ሆም እና ፓወር።

ቲደብልዩአርፒ ሲከፈት ከምንም በፊት ባክአፕ ገብተሽ ኢኤፍኤስን ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጪ። የአይኤምኢአይ ቁጥሩ (የስልኩ መለያ) ያለው እዚያ ነው፤ እሱ ከጠፋ ስልኩ ኔትወርክ አይዝም። ያንንም ወደ ኮምፒውተር ቅጂው። ከዚያ አድቫንስድ ዋይፕ ውስጥ ዳልቪክ፣ ሲስተም፣ ዳታ እና ካሽ ብቻ አጥፊ፤ ሚሞሪ ካርዱን አትንኪው። ኢንስቶል፣ ዚፑን ምረጪ፣ ሪቡት። የመጀመሪያው መነሳት ከ10 ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ባትሪ አትንቀዪ።

ሩት (የሲስተሙን ሙሉ ሥልጣን መክፈት) አታድርጊው። የጎግል አፖችንም እኔ አልጭንም፤ ራሙ 1 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ስልኩን ያንቀራፍፉታል። ዋትስአፕን ከራሱ ድረ ገጽ አንድሮይድ ከሚለው ክፍል አውርጂ። ፕሌይ ስቶር ስለማይኖር አፕዴቱ በእጅ ነው፤ በየሁለት ወሩ ገደማ ከዚያው ገጽ አዲሱን በላዩ ላይ ጫኚ፤ አለዚያ ቅጂው ጊዜው አልፎ እንደገና ይዘጋል። ከጫንሽ በኋላ ሳትከፍቺው የድሮውን ፎልደር መልሺ። አዲሱ ቅጂ የሚፈልገው አንድሮይድ፣ ሚዲያ፣ ኮም ዶት ዋትስአፕ በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። ቁጥሩ የድሮው መሆን አለበት፤ የዳታቤዙ ቁልፍ የሚመጣው ያንን ቁጥር ሲያረጋግጥ ነው።

ሄርማታ 07፦
ከላይ በተባለው ሁሉ ላይ አንድ ነገር፦ ቀኑን። ባትሪ ሲወጣ እንደ ኤስ3 ያሉ አሮጌ ስልኮች ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ ሰው በእጁ የኛን ዓመተ ምሕረት ይጽፍበታል። ስልኩ የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ስልክ የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ሁሉ "ገና አልጀመረም" ብሎ ይጥለዋል፤ ዋትስአፕም ቀንህን አስተካክል ይላል። ሰዓቱም እንደዚያው፤ ጠዋት 2 ሰዓት እንዲያሳያቸው 2:00 ብለሽ አትሙዪ፣ 8:00 ነው፤ ዞኑም ጂኤምቲ+3። የኛን አቆጣጠር ለሚፈልጉ እናት የኢትዮጵያ ካሌንደር አፕ ማውጣት ይሻላል።

ደግሞ 4.3 ላይ እያለሽ ፋይል ለማውረድ ብትሞክሪ ብዙ ገጽ አይከፍትም። ከ7.1.1 በታች ያለ አንድሮይድ ለብዙ ድረ ገጾች ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚጠቀምበትን ዋና ሰርተፊኬት አያውቀውም። ፋየርፎክስ የራሱን ስለሚይዝ የተሻለ ነው፤ ለ4.3 የሚሆነው የመጨረሻው 68 ነው። 7.1.2 ሲገባ ይህ ችግር ይጠፋል።

የቆጪዋ፦
የአክስቴ ስልክ ላይ ግን ጂቢው ቀድሞ ተጭኗል፤ አንድሮይድ 9 ነው፣ ይሠራላታል። አሁን ለጊዜው ታግደሻል ብሎ ሰዓት እየቆጠረ ነው። አጥፍቼ ብጭነው ይለቃታል?

የአጂፕ ሶፍትዌር፦
ማጥፋት ቆጠራውን አያሳጥረውም፤ እገዳው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ቆጠራው እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ እስከዚያ ግን ሳታጠፊው ጂቢው ውስጥ ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ግቢና አስቀምጪ። ከዚያ በፋይል ማኔጀር የጂቢ ዋትስአፕን ፎልደር ስሙን "ዋትስአፕ" ብለሽ ቀይሪው፤ ኮምፒውተር ላይም ቅጂ ይኑርሽ። ጂቢውን አጥፊ፣ ዋናውን ከፕሌይ ስቶር ጫኚ፣ ሪስቶር በይ። ዳታቤዙን የሞዱ አዲስ ቅጂ ለውጦት ከሆነ አልመለስ ሊል ይችላል፤ ያኔ ፎቶና ድምፁ ይተርፋል፣ ጽሑፉ ይቀራል።

ዋናው ሲገባ ወዲያው ሊንክድ ዲቫይስስ (አካውንቱ የተከፈተባቸው ሌሎች መሣሪያዎች) የሚለውን ከፍተሽ የማታውቁት ካለ አስወጪ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሪና ፒኑን አክስትሽ ራሳቸው ይምረጡት። የኤስኤምኤሱን ባለ6 አሃዝ ኮድ ለሚጭንላቸው ሰው በቃልም ቢሆን አይንገሩ። ሳይነገር የማይጫን ከሆነ ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው ያስገቡት።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦
የኤስ3ው ባትሪ ካበጠ ከፍላሹ በፊት ቀይሪው። ዋናው 2100 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ስታሽከረክሪው የሚዞር ከሆነ አብጧል፤ እንዲህ ያለ ባትሪ 60 በመቶ እያሳየ ሊጠፋ ይችላል።