ሽንኩርቱ ይቅደም፦ ሕዋስን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ለማስተዋወቅ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው እንደተነጋገርነው እዚህ ጎንደር ላሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እየተጻጻፍን እንጨርሰው። ርእሱ ሕዋስና ክፍሎቹ ነው። የተፈቀደልን ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ረቂቅ አንድን እኔ ሞነጫጭሬዋለሁ። ሳትራሩ አብጠልጥሉት።

«በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሕዋስ ክፍሎች በትልቅ ሥዕል ይብራራሉ። ተማሪዎች ሥዕሉን ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ስሞቹን ይጽፋሉ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ይታያል።»

የአዘዞው መምህር፦
እሺ፣ እኔ ልጀምር። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። እኔ ራሴ አምና እንዲህ አስተምሬ ጉድ ሆኛለሁ።

መጀመሪያ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ በባለቀለም ጠመኔ አሳምሬ ሳልኩላቸው። በማግስቱ የሽንኩርት ሕዋስ በማይክሮስኮፕ አሳየኋቸውና «ያያችሁትን ሳሉ» አልኳቸው። ደብተሩን ሰብስቤ ሳይ ሁሉም የሰሌዳውን ሥዕል ነው የሳሉት። አረንጓዴ ክሎሮፕላስት፣ ያ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው የቅጠል ሕዋስ ክፍል፣ በሽንኩርት ላይ! ሽንኩርቱ አፈር ውስጥ ያደገ፣ ፀሐይ ያልነካው ነገር ነው፤ ክሎሮፕላስት ከየት ያመጣል? ለሕዋሱ ጉልበት የሚያወጣውን ሚቶኮንድሪያም ከነሽንሽኑ ስለዋል። እኛ ባለን ማይክሮስኮፕ ያ በፍጹም አይታይም። አንዲት ልጅ ብቻ የተደረደሩ ሳጥኖችና በየሳጥኑ አንዳንድ ነጥብ ስላለች። እሷም የጓደኞቿን አይታ በላጲስ ልታጠፋው ስትል ነው የደረስኩባት።

ስለዚህ መጀመሪያ ይዩ። ስሙ ይደርሳል።

ሰብሳቢዋ፦
ገባኝ። ግን ልጁ ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ዓይኑን ቢደቅን ምን ያያል?

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦
አረፋ ያያል። 😀 ክብ፣ ጠርዙ ጥቁር፣ መሃሉ የሚያበራ። «አየሁት! አየሁት!» ይላል፣ የአየር አረፋ ነው። ትልልቅ ተማሪዎችም ይሸወዱበታል።

መፍትሔው ናሙናውን በደንብ ማዘጋጀት ነው። ቀይ ሽንኩርቱን ለአራት ይሰንጥቁት። ከውስጥ አንዱን ወፍራም ንብርብር አውጥተው ወደ ኋላ ሰበር ሲያደርጉት፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገለፈት ተንጠልጥሎ ይቀራል። እሱን በወረንጦ ይዞ ቀስ ብሎ መላጥ ነው። ከጣት ጥፍር ያነሰ ቁራጭ ይበቃል። መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ከዚያ ገለፈቱ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ አዮዲን። ከታጠፈ በመርፌ ይዘርጉት። ስሱን ክዳን መስታወት በአንድ ጠርዙ አስነክተው በመርፌው እየደገፉ ቀስ ብለው ያስተኙት። ጧ ካደረጉት አረፋው ይገባል።

በትንሹ ሌንስ ይጀምሩ። የዓይኑ 10 ነው፣ የታችኛው 4፤ ሲባዛ 40 እጥፍ። ያኔ ጡብ የተደረደረ ይመስላል። 100 እጥፍ ላይ ነጥቡ፣ ማለትም ኒውክለሱ፣ መታየት ይጀምራል። 400 ላይ በደንብ። ልብ በሉ፣ ነጥቡ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አይደለም፤ ግድግዳው ጋ ተለጥፎ ነው የሚገኘው። መሃሉን የያዘው ቫኪዩል የሚባል ውሃ የሞላው ከረጢት ነው። በሥዕል ግን ሁልጊዜ መሃል ላይ እናስቀምጠዋለን።

የማራኪዋ መምህርት፦
የመምህሩን ሐሳብ እደግፋለሁ። ግን ልጆቹን የሚይዝ ነገር እንጨምርበት። ጎንደር ተቀምጠን ፋሲል ግቢን ካልተጠቀምንበት ያሳፍራል። ግቢው 900 ሜትር ገደማ የሚሆን አጥር አለው። 12 በሮች አሉት። አጥሩ የሕዋስ ግድግዳ፣ በሮቹ የሜምብሬኑ (ከግድግዳው ውስጥ ያለው የሕዋሱ ስስ ሽፋን) መግቢያና መውጫ፣ ቤተ መንግሥቱ ኒውክለስ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ቦታ ነው።

የአዘዞው መምህር፦
ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን እፈራዋለሁ። ኒውክለስን ንጉሥ ካልነው ልጁ ቁጭ ብሎ የሚያዝ ሰውዬ ነው የሚታየው። ኒውክለስ ውስጥ ያለው እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት ነገር ነው። ንጉሡ የለም፣ መጽሐፉ ነው ያለው። ካመሳሰልን ከግቢው ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ይሻላል። ደግሞ ሕዋስ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱም ሙሉ ሕዋስ ይሆናሉ። ግቢው ሁለት ግቢ ሆኖ ያደረ ቀን የለም።

የማራኪዋ መምህርት፦
ቤተ መጻሕፍቱን ወድጄዋለሁ። እንዲህ ብናደርገውስ? ማመሳሰሉን መጨረሻ ላይ እናምጣውና «የቱ ጋ ይመሳሰላል?» ብቻ ሳይሆን «የቱ ጋ አይመሳሰልም?» ብለን እንጠይቃቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚያስጮኻቸው።

ሰብሳቢዋ፦
ተቀብያለሁ። ጋሼ፣ አንቱ ዝም አሉ። 40 ዓመት ያስተማሩት ባዮሎጂ ነው፣ እስቲ ይናገሩ።

ጡረተኛው መምህር፦
እያነበብኩ ነው ልጄ። ከማይክሮስኮፑ በፊት የሚያስቸግራችሁ ቃሉ ነው። ሦስት ነገር ልበል።

መጀመሪያ «ሕዋስ» የሚለው ራሱ። ልጁ ከታች ክፍል «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ሲባል ሰምቶ ነው የሚመጣው። ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ ቆዳ። እናንተ ደግሞ «ሕዋስ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ነው» ትሉታላችሁ። ታዲያ ዓይን አንድ ሕዋስ ነው ወይ? አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ ፈተና ላይ «ሰው አምስት ሕዋሳት አሉት» ብሎ ጻፈልኝ። ኤክስ አደረግኩበት። ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነበር። በሰው ሰውነት ውስጥ ሕዋሱ በትሪሊዮን ነው የሚቆጠረው፤ ልጁ ግን ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቃል ማንም አላቃናለትም። በመጀመሪያው ደቂቃ «ይህ ቃል ሁለት ሥራ አለው» በሏቸው።

ሁለተኛ፣ ኒውክለስን «አስኳል» የምትሉ አላችሁ። ቃሉ ጥሩ ነው። ግን ልጁ አስኳል የሚያውቀው እንቁላል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቢጫው የእንቁላሉ ኒውክለስ ይመስለዋል። አይደለም። ቢጫው በአብዛኛው ስንቅ ነው። ኒውክለሱ ያለው ቢጫው ላይ በምታዩት ትንሽ ነጭ ነጥብ ውስጥ ነው። አስኳሉ በሙሉ ከነነጥቡ አንድ ትልቅ ሕዋስ ነው ብትሏቸው አፋቸውን ይይዛሉ። ያልዳበረ እንቁላል ከሆነ ማለቴ ነው።

ሦስተኛ፣ እኅታችን የሽንኩርቱን ልጣጭ «ገለፈት» አለችው። ሜምብሬንንም በአማርኛ ገለፈት የሚሉ አሉ። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራችሁ ልጁ በወረንጦ የያዘው ሜምብሬን ይመስለዋል። የያዘው ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሳትን ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ከአሁን በኋላ «ስስ ልጣጭ» እላለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
ስለዚህ ልጣጩ ልጣጭ፣ ሜምብሬን ሜምብሬን፣ ኒውክለስ ኒውክለስ ይባል። 9ኛ ሲገቡ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚያገኙት እነዚህ ስሞች ይጠቅሟቸዋል። አስኳልን ከነእንቁላሉ ጨዋታ ለማድረግ እንያዘው።

ጡረተኛው መምህር፦
አንድ ልጨምር፣ ታሪክ ከፈለጋችሁ። ሮበርት ሁክ የቡሽ ስንጣሪ በማይክሮስኮፕ አይቶ ጉድጓዶቹን በትንንሽ ክፍሎች መስሎ ስም ያወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1665 ነው። ያን ጊዜ እዚህ ጎንደር አፄ ፋሲል ገና በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1667 ነው። ሁክ ያየው የሞተ ሕዋስ ነበር፣ ግድግዳው ብቻ የቀረ ባዶ ቤት። ግቢውን ካነሳችሁ አይቀር ይህን ንገሯቸው። ግድግዳው ቆሞ ነዋሪው የሄደበት ቤት ምን እንደሚመስል የጎንደር ልጅ ያውቃል።

ወላጅ አባል፦
እኔ መምህር አይደለሁም፣ የልጆች እናት ነኝ። ከዚህ በፊት የጉንጭ ሕዋስ ይወስዳሉ ተብሎ ነበር። ልጆቹ በአንድ እንጨት አፋቸውን ቢነካኩስ? ጉንፋኑ አለ፣ ሌላውም አለ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦
እትዬ ትክክል ነዎት። የልጆቹን አንነካም። የኔን ጉንጭ እኔው በጥጥ እንጨት ጠርጌ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ቀልሜ አሳያለሁ። እንጨቱ ወዲያው በረኪና ውስጥ ይገባል። የሽንኩርቱና የጉንጩ ሕዋስ ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ በራሱ ይናገራል። ሽንኩርቱ ቅርጹን የያዘ ሳጥን፣ የኔው ጉንጭ ደግሞ እንደ ተጨማደደ ብጣሽ ጨርቅ። ግድግዳ የለውማ። የሰው ደም ግን ጭራሽ አይነካ። የወባ ናሙና ይታይ ያለ ሰውም ነበር፤ እሱ 1000 እጥፍ ላይ የሚያደርስ ሌንስና ዘይት ይፈልጋል። ይቅር።

ወላጅ አባል፦
እሺ። እርሾስ? እሱም ሕይወት አለው ሲሉ ሰምቻለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦
እንዴት ረሳነው! ከሊጡ ላይ ከጠለለው ቢጫ ውሃ አንዲት ጠብታ በብዙ ውሃ አቅጥነን 400 እጥፍ ላይ ብናየው ትንንሽ ሞላላ ነገሮች ይታያሉ። እያንዳንዷ አንድ ሕዋስ፣ አንድ ሙሉ ፍጡር ናት። አንዳንዷ ጎኗ ላይ ትንሽ እብጠት ይዛ ትገኛለች። እየወለደች ነው። ከጤፉ የመጣ ስታርች ግን ያደናግራል። አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ስታርቹ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፣ እርሾዋ ግን ቢጫ ነገር ትሆናለች። በዚህ ይለያል።

ወላጅ አባል፦
ለካ ስንት ዓመት ሙሉ ሕዋስ ሳሳድግ ነው የኖርኩት። እርሾውን እኔ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዡ፦
ቆይ፣ ሒሳቡ አልገጠመም። አንድ ክፍል 60 ልጅ ነው ብለን እንያዝ። ማይክሮስኮፑ ሦስት ነው። ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ ብንሰጥ በአንዱ ላይ 20 ልጅ ይደርሳል፣ 40 ደቂቃው እዚያው አለቀ። ሽንኩርቱን ማን ይላጥ? መቼ ይሳሉ?

የአዘዞው መምህር፦
አምስት አምስት አድርገን 12 ቡድን። ለአንድ ማይክሮስኮፕ አራት ቡድን፣ ለያንዳንዱ 8 ደቂቃ፣ በጠቅላላ 32። የቀረው 8 ደቂቃ ለመክፈቻ። ተረኛ ያልሆነው ቡድን ሽንኩርት ይልጣል ወይም ይስላል። የስልክ ካሜራ የማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ገጥመን ከያዝነው አምስቱም አንድ ላይ ያያሉ። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ስልኩን በካርቶንና በፕላስተር ማሰር ነው። ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ግን እያንዳንዱ ልጅ ለ20 ሰከንድም ቢሆን በራሱ ዓይን ይይ። ስልክ ላይ ያየውንማ ቪዲዮ ነው ይለኛል።

ገንዘብ ያዡ፦
መብራት ቢሄድስ? ይሄዳልም።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦
አንዱ ማይክሮስኮፕ በመስታወት ነው የሚሠራው፤ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። መስታወቱ ግን ወደ ሰማዩ ብርሃን እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ እንዳይዞር። ዓይን ያጠፋል። ይህ ረቂቁ ላይ በደማቁ ይጻፍ። ለሁለቱ የስልክ ባትሪ መብራት ከታች እንይዛለን።

የማራኪዋ መምህርት፦
ጨው እንዳትረሱ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም ካለው የሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ አንድ ጠብታ ጨዋማ ውሃ እንጨምርበታለን። ቀለሙ ከግድግዳው እየሸሸ ወደ መሃል ሲሰበሰብ ይታያል። ሰላጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ለምን ውሃ እንደሚያወጣ ያኔ ይገባቸዋል። ሜምብሬን የሚለውን ቃል እዚያች ሰዓት ላይ ነው መስጠት ያለብን። ከግድግዳው የተለየ ሌላ ነገር እንዳለ በዓይናቸው አይተውታልና።

ጡረተኛው መምህር፦
ይህች ናት መምህርት።

ሰብሳቢዋ፦
እንግዲህ ረቂቅ ሁለት ይኸው።

«አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ ‹ሕዋስ› የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው በአጭሩ ይነገራል። ምንም ሥዕል አይታይም። ተማሪዎች በ12 ቡድን ሆነው የሽንኩርት ልጣጭ ያዘጋጃሉ፣ ያያሉ፣ ያዩትን ብቻ ይስላሉ። አረፋ የሳለ አይቀጣም፣ ከጓደኛው ጋር ያስተያያል። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፦ የጨው ሙከራ፣ የባለሙያዋ የጉንጭ ሕዋስና እርሾ ይታያሉ። ስሞቹ የሚሰጡት ተማሪዎቹ በሳሉት ሥዕል ላይ ነው። በማይክሮስኮፓችን የማይታዩት ክፍሎች፣ ማለትም ሚቶኮንድሪያና መሰሎቹ፣ ‹ይህን እኛ አላየነውም፣ በሌላ መሣሪያ የታየ ነው› ተብሎ በትልቁ ሥዕል ይጨመራሉ። መዝጊያው የፋሲል ግቢ ጥያቄ ነው፦ የቱ ጋ አይመሳሰልም?»

ጊዜው ከጥምቀት በፊት ቢሆን ይሻላል። በዚያ ሰሞን ከተማው እንግዳ ይሞላል፣ ከዚያ ፈተናው ይመጣል። የተቃወመ አለ?

የአዘዞው መምህር፦
«አይቀጣም» የሚለውን አጥፊው፣ ማን ሊቀጣ ነበር? «አረፋ የሳለ ይመሰገናል» ይባል። ያየውን ነው የሳለው።

ሰብሳቢዋ፦
ተስተካክሏል።

ገንዘብ ያዡ፦
ስስ ክዳን መስታወት ሁለት ፓኬት ይግባ፣ ይሰባበራል። አዮዲኑን ከፋርማሲ እጠይቃለሁ። ወረንጦ ከየቤታችሁ አምጡ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦
ሽንኩርቱን ቅዳሜ ገበያ እኔ እገዛለሁ። የደረቀና የበቀለ እንዳይሰጡኝ በእጄ እመርጣለሁ። ውሃ ግን በጀሪካን ይዘን እንሂድ፣ የፈረቃው ቀን መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።