ከካርታ ላይ የማሳ ስፋት ሳሰላ የት ላይ ተሳሳትሁ?

ጠያቂ (አዘዞ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የአባቴን ማሳ ስፋት ስኬሉ 1፡2,000 ከሆነ ካርታ ፎቶኮፒ ላይ ለማስላት ሞክሬ ነበር። ማሳው ወረቀቱ ላይ 11 ካሬ ሴንቲሜትር ይይዛል፤ አንድ ሴንቲሜትር 20 ሜትር ስለሆነ 11ን በ20 አባዝቼ 220 ካሬ ሜትር አገኘሁ። አባቴ ግን ዕድሜ ልካቸውን ያረሱት መሬት ሁለት ጥማድ መሆኑን ይናገራሉ፤ 220 ካሬ ሜትር ደግሞ ከአንድ ቤትና ግቢ አያልፍም። ስህተቴን ብታሳዩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ 1፦
አባትዎ ልክ ናቸው። ስኬል የሚነግረን ርዝመትን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ጎኗ አንድ ሴንቲሜትር የሆነች ካሬ መሬት ላይ 20 ሜትር በ20 ሜትር ስለምትሆን 400 ካሬ ሜትር ትይዛለች፤ ስለዚህ 11 ሲባዛ በ400፣ 4,400 ካሬ ሜትር ወይም 0.44 ሄክታር ይመጣል። ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ እንደ አፈሩ ይለያያል፣ የደንቢያን ዋልካ ያረሰ ሰው ይህን ያውቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በሩብ ሄክታር ይታሰባል። በ1፡50,000 ካርታ ለመለካት ግን እንዳይሞክሩ፤ እዚያ ላይ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ራሷ ሩብ ሄክታር ስለሆነች የእርሳስ መስመር ውፍረት ብቻ አንድ ጥማድ ይውጣል።

መልስ 2፦
እኔን ያሳሰበኝ ከሁለት ጥማድ (0.5 ሄክታር) የጎደለው 0.06 ሄክታር ነው። ፎቶኮፒ ሲነሳ ካርታው ሊያንስ ይችላል፣ የተጻፈው ቁጥር ግን 1፡2,000 እንደሆነ ይቀራል። ከካርታው ግርጌ የተሰመረውን የስኬል መስመር በማስመሪያ ይለኩት፤ 100 ሜትር የሚለው በትክክል 5 ሴንቲሜትር መሆን አለበት።

ጠያቂ፦
ለካሁት፤ 4.7 ሴንቲሜትር ብቻ ነው!

መልስ 2፦
እንግዲያው አንድ ሴንቲሜትር 21.28 ሜትር ያህል ነው፤ ይህ በራሱ ሲባዛ 452.7 ካሬ ሜትር፣ በ11 ሲባዛ ደግሞ 4,980 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት ጥማድ ማለት ነው።

መልስ 3፦
11 ካሬ ሴንቲሜትሩን ያገኙት በግምት ከሆነ ማሳውን ባለ ሚሊሜትር ስኩዌር ወረቀት ላይ ገልብጠው እንደገና ይቁጠሩ። ድንበሩ የቆረጣቸውን ካሬዎች ከግማሽ በላይ ከገቡ እንደ አንድ ይያዙ፣ ካነሱ ይተዉ። ወረቀቱን ጥቂት አዙረው ሁለተኛ ጊዜ ሲቆጥሩ ውጤቱ ከተቀራረበ ሊያምኑት ይችላሉ። የድንበር ጉዳይ ካለበት ግን ከፎቶኮፒ ይልቅ መሬቱ ላይ ማስለካት ይሻላል።