ፑንጃብ «በአንድ ትውልድ» ሰለመች?

ሰይድ፦ ትናንት እዚህ ስለ ፑንጃብ (ዛሬ በህንድና በፓኪስታን የተከፈለው አገር) የተለጠፈው አናደደኝ። «ፑንጃብ በሰይፍ፣ በአንድ ትውልድ ሰለመች።» የጋዝናው (ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ) ሙስሊም ሱልጣን ማህሙድ የፑንጃብን ከተማ ላሆርን የያዘው በ1020ዎቹ (በፈረንጅ) ነው። የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ በ1469 ከሂንዱ ቤተሰብ ሲወለድ እኮ ከ400 ዓመት በላይ አልፏል። ይሄ ምን ዓይነት ትውልድ ነው?

ብሩክ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሰይፉን ልትክድ ነው? በ1006 የፑንጃብን ከተማ ሙልታንን ማን ወረረ?

ሰይድ፦ ማህሙድ። እነማን ላይ ዘመተ? እስማኢሊ (የሺዓ ክፍል) ሙስሊሞች ላይ!

ማርታ፦ የሙልታንን የፀሐይ ጣዖት የሰበረውም ማህሙድ አይደለም፤ የዘመኑ ሊቅ አል ቢሩኒ እንደጻፈው ቀድሞ የእስማኢሊው ገዥ ሰብሮታል። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓረቦች ግን አልነኩትም። የተሳላሚው ገንዘብ ይገባላቸዋል፤ የሂንዱ ጦር ሲመጣባቸው ደግሞ «እንሰብረዋለን» ብለው ይመልሱታል።

ቴዲ፦ መቻቻል የምትሉት ይሄን ነው? ግሩም ነው።

ማርታ፦ መቻቻል ማን አለ? እኔ የማወራው ስለ ጊዜው ርዝመት ነው። ሱፊው (የእስልምና መናኝ) ባባ ፋሪድ አጆዳን (የዛሬዋ ፓክፓታን) ላይ በ1266 አረፈ። ከብት አርቢዎቹ የጃት ጎሳዎች በከብት በሚዞር የውሃ መቅጃ እያረሱ ሲሰፍሩ መቃብሩን መሳለም ጀመሩ፤ የመቃብሩ ባለአደራዎች ለአለቆቻቸው ጥምጥም ይሰጣሉ፣ ከጎሳዎቹም ይጋባሉ። ከእነዚሁ የአንዱን፣ የሲያል ጎሳን፣ የዘር ሐረግ እይ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሙስሊም ስም ያለው ጥቂት ነው። ሁሉም ሙስሊም ስም ይዞ የምታገኘው 19ኛው ላይ ስትደርስ ነው።

ብሩክ፦ ስም እምነት ሆነ እንዴ? ሐረጉ ላይ ያሉትም ወንዶች ብቻ ናቸው። እናቶቹ ማንን ያመልኩ እንደነበር በምን አወቅሽ?

ሰይድ፦ አንተስ «በአንድ ትውልድ» ያልከውን በምን አወቅህ?

ቴዲ፦ ሱፊው ሚያን ሚር የሲኮችን የአምሪትሳር ቤተ መቅደስ የመሠረት ድንጋይ አኑሯል፤ ይሄስ?

ማርታ፦ ቴዲ፣ ያ በዘመኑ ምንጮች ውስጥ የለም፤ ዘግይቶ የመጣ ወግ ነው። በ1604 የሲኮች መሪ ጉሩ አርጃን ባሰባሰበው ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ የፋሪድ ስንኞች አሉ፤ እሱን ጥቀስ።

ብሩክ፦ ያው ጉሩ አርጃን በ1606 በሙስሊሙ የሙጋል ንጉሥ በጃሃንጊር ትእዛዝ ሞተ። ዘለልሽው።

ማርታ፦ አልዘለልኩም። ጃሃንጊር ራሱ የጻፈው ቅሬታ ሂንዱውም አንዳንድ ሙስሊሙም ወደ ጉሩው ይጎርፋል የሚል ነው። በዚያ ላይ ጉሩው በጃሃንጊር ላይ ያመፀውን የንጉሡን ልጅ ኩስሮውን ባርኳል ተባለ። ፖለቲካ ነው።

ብሩክ፦ ፖለቲካ ከሆነ ሰይፍ አይደለም ማለት ነው?

ሰይድ፦ ኧረ ስለ አንድ ትውልዱ መልስልን!