ለተለቅ ላሉ ልጆች የጭቃና የውሃ መጫወቻ ጠረጴዛ ግቢ ውስጥ ሰርታችሁ የምታውቁ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቼ (9 እና 12 ዓመት) ከስልክ አልላቀቅ ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ቧንቧው ስር ጭቃ አቡክተው የሕዳሴ ግድብ ነው እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲገነቡ አንዴም ስልክ አልጠየቁኝም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። በረንዳውና ልብሳቸው ግን አይነሳ። እና ቆመው የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ነገር ላሰራላቸው አስቤ ነበር፣ ሱቅ ያለው የፕላስቲኩ ለ2 እና 3 ዓመት ህፃን ነው፣ የኔዎቹ ጉልበት ላይ ነው የሚደርሰው። ኪራይ ቤት ስለሆንን መሬት መቆፈር አልችልም፣ ቦታው 2 ሜትር በ1 ሜትር ቢሆን ነው። አናጺውን ምን ብዬ ልዘዘው? ከፍታውስ? ደግሞ ትልቁ አሸዋ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይሰለቸዋል፣ ምን ልጨምርበት?

የእንጨት ሰው፦
እህቴ መጀመሪያ ሳፋውን ግዢ፣ ልኬቱ የሚወሰደው ከሳፋው ነው፣ እንጨቱን ቀድመሽ ካስቆረጥሽ ልክ የሚሆን ሳፋ ስትፈልጊ ትከርሚያለሽ። ሁለት ጥልቅ ሳፋ ይበቃል፣ አንዱ ለውሃ አንዱ ለአሸዋና ለጭቃ። ለከፍታው ልጁን ቀጥ አድርገሽ አቁመሽ ክንዱን ይጠፍ፣ ከክርኑ 10 እስከ 15 ሳንቲም ዝቅ ያለው ነው ትክክለኛው። ለሁለቱም እንዲሆን 70 ሳንቲም አካባቢ በይው፣ ትልቁ ትንሽ ጎንበስ ቢል ምንም አይለውም።

አሰራሩ ቀላል ነው፣ በሞራሌ አራት እግር፣ ከላይ ዙሪያውን ፍሬም፣ መሃሉን የሚከፍል አንድ አግዳሚ፣ ሳፋዎቹ በጠርዛቸው እዛ ላይ ያርፋሉ። ግን በጠርዙ ብቻ እንዳታንጠለጥዪው!! 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው፣ ያው ሳፋ እርጥብ አሸዋ ሲሞላ ደግሞ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። የኔ የመጀመሪያው በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ተሰንጥቆ ከነአሸዋው ወረደ፣ ደግነቱ ልጆቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሳፋ ስር መቀመጫውን የሚነኩ ሁለት ሁለት አግዳሚ ይግቡ። እግሩ ስለማይቀበር ደግሞ ሰያፍ ማሰሪያ ግድ ነው፣ ልጆች ተደግፈውት እየገፉ ስለሆነ የሚጫወቱት ያለሱ ይወላገዳል። እግሮቹን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳርፊ፣ ክረምት ላይ የሚበሰብሰው ከታች ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ያስልስልሽ። አናጺው ለምስጥ ብሎ የተቃጠለ ዘይት ልቀባው ካለሽ እምቢ በዪ፣ ቆዳ ላይ የሚነካካ ነገር ነው።

ቲቸር፦
የ4ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። በዚህ እድሜ ያለ ልጅ መዳሰስ ብቻ አይበቃውም፣ ሰርቶ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ጭቃውን ከፊሉን በጤፍ ጭድ ከፊሉን ያለጭድ አስቦኪያቸው፣ በበረዶ መስሪያ ፕላስቲክ ትናንሽ ጡብ አውጥተው ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ያለጭድ የተሰራው ሲሰነጣጠቅ ራሳቸው ያዩታል። የኔ ተማሪዎች ከዛ በኋላ የጭቃ ቤት ግድግዳ ባዩ ቁጥር ጠጋ ብለው ጭዱን ይፈልጋሉ። ለውሃው ደግሞ ውሃ የሞላ ጄሪካን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪና አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን ጎማ ስጫቸው፣ ጎማውን ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ጄሪካኑ ውስጥ ነክረው ሌላውን በአውራ ጣት እንደደፈኑ ወደ ታች አውርደው ሲለቁት ያለፓምፕ ይወርዳል፣ ለምን እንደሆነ አትንገሪያቸው፣ ተዪአቸው ይከራከሩበት። አንዳንዴ የበቆሎ ስታርች 2 እጅ በ1 እጅ ውሃ በጥብጪላቸው፣ ሲመቱት ይጠነክራል ሲተዉት ይፈሳል፣ የ12 ዓመቱም አይሰለቸውም።

ማሚ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ ጠንካራ እንዲሆን ብላችሁ ሲሚንቶ ወይም ኖራ እንዳትሰጧቸው። የኔ ልጅ ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ በባዶ እጁ ሲያቦካ ውሎ ማታ ጣቶቹ መሃል ቀልቶ ተላልጦ አገኘሁት፣ እርጥብ ሲሚንቶ ለካ ያቃጥላል። ደግሞ አሸዋውን ማታ ማታ ሸፍኑት፣ የሰፈር ድመት ሁሉ እዛ ነው የሚፀዳዳው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። 40 ኪሎ ውሃ ግን እኔ አንስቼ መድፋት አልችልም፣ እንዴት ነው የማደርገው?

የእንጨት ሰው፦
ሳኒተሪ ሱቅ የእጅ መታጠቢያ ፍሳሽ ማውረጃ ከነክዳኑ አለ፣ የውሃውን ሳፋ ታቹን በልኩ አስበሺና እሱን አስገጥሚ፣ ከስር ጎማ ወደ አትክልቱ። የአሸዋውን አትብሺው ይደፈናል። ውሃውን ማታ ማታ ልቀቂው፣ ካደረ ከሰነበተ የወባ ትንኝ ይራባበታል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሳፋዎቹን ዛሬ ገዛሁ፣ አናጺው ቅዳሜ ይመጣል። የትንሹን ክርን ስለካ 82 ሳንቲም ሆነ፣ 70ው ልክ ነው ማለት ነው። ትልቁ ጭዱን ከየት እንደሚያመጣ ከአሁኑ ጎረቤት እየጠየቀ ነው።