የአባቴን ሸክላዎች አስገልብጬ ነበር፤ ማን ምን እንደዘፈነ አሁን እንዴት ልለይ?

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 130 ያህል ሸክላዎች አሏቸው። አብዛኞቹ ባለ 45 ዙር ትንንሾቹ ናቸው፤ ትልልቆቹ ከ20 አይበልጡም። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፣ የአባባ ዓይንም ደክሟል። ስለዚህ አምና ከተማ ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩላቸው።

ድምፁ ጥሩ ነው። ፍላሹን ስከፍተው ግን 190 ፋይል፣ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ዌቭ የሚባለው ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ነው። አንዳንዱ ላይ የሸክላው ፊትና ጀርባ ሳይቆረጥ አብሮ ተቀድቷል። ያስገለበጥኩበት ቤት ደውዬ ስጠይቅ «እኛ የምንገለብጠው ድምፁን ብቻ ነው» አሉኝ።

ፒካርድ የሚባለውን ፕሮግራም ሞከርኩት። ዘፈኑን ሰምቶ ስሙን ይፈልጋል። ጥቂቶቹን አወቀልኝ፤ ግን ዘፋኞቹን በላቲን ፊደል ጻፈብኝ፣ አንዱን ዘፈን ደግሞ 1998 ነው አለው። አባባ እኮ በዚያው ሸክላ ከረጢት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሚያዝያ 66» ብለው ጽፈውበታል!

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አባባ «የእገሌን ክፈችልኝ» ሲሉኝ ወዲያው ማግኘት። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጡረተኛ ሸክላ ሰብሳቢ፣ ኮተቤ

ልጄ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጊውና ሸክላዎቹን አውጪ። የእያንዳንዱን የመሃል ወረቀት ፊትና ጀርባውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በመስኮት ብርሃን ይሁን፤ ፍላሽ ካበራሽ ያንጸባርቃል። የሚያስፈልግሽ ሁሉ እዚያች ክብ ወረቀት ላይ ነው። የዘፋኙ ስም፣ አንዳንዴም ባንዱ፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ የአሳታሚው ስምና ቁጥር። ቁጥሩን አትናቂው። አምሃ ሪከርድስ በሚባለው አሳታሚ ትንንሽ ሸክላዎች ላይ ለምሳሌ ኤ እና ኢ ከሚሉ የላቲን ፊደሎች ቀጥሎ ይገኛል። የተለያዩ አሳታሚዎች ቁጥር ሊመሳሰል ስለሚችል ፎልደሩን በአሳታሚው ስምና በቁጥሩ አንድ ላይ ሰይሚው።

1998 ያለሽ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳቸው «ኢትዮፒክስ» የሚባሉ ሲዲዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ አገር መውጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ የድሮ ሸክላዎች ቅጂ ናቸው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሲዲውን ነው፣ የአባትሽን ሸክላ አይደለም። አምሃ ሪከርድስ ሥራ የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሸክላ ያሳተመውም እስከ 1975 ድረስ ነው። በዚህ አሳታሚ ሸክላ ላይ ከዚያ ውጭ የሆነ ዓመት ካየሽ ስህተት ነው ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ከሸክላዎቹ መሃል ከበድ ያለ፣ ቶሎ የሚሰበር ባለ 78 ዙር ካገኘሽ በአልኮል እንዳትጠርጊው። እሱ ሸላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል።

መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ሰበታ

እኔ በስሞቹ ላይ ብቻ ልናገር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፈረንጅ የሠራው ፕሮግራም የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስድና በእሱ ይደረድራል። ይህን ካልከለከልሽው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ዓለማየሁ እሸቴ እና የአምሃ ሪከርድሱ አምሃ እሸቴ እንደ አንድ ቤት ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሦስቱም የተለያዩ እሸቴዎች ልጆች ናቸው። ማንም ሰው «እሸቴን ክፈችልኝ» አይልም፤ «ዓለማየሁን» ነው የሚለው። ስለዚህ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ስም ይከተል፣ መሃላቸው ላይም ነጠላ ሰረዝ አይግባ።

ሁለተኛው ፊደል ነው። ለእኛ «ሠ» እና «ሰ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ፊደል ናቸው። ዛሬ ጥላሁን ገሠሠ ብለሽ 30 ዘፈን ትጽፊያለሽ። ነገ ደክሞሽ ገሰሰ ካልሽ ሁለት ጥላሁን ይኖርሻል። ዓለማየሁ እና አለማየሁ፣ ማሕሙድ እና ማህሙድም እንደዚሁ ናቸው። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ለዓይን በሚታየው የዘፋኝ ቦታ ላይ ስሙን ወረቀቱ ላይ እንዳለ እጽፋለሁ። አርቲስት ሶርት የሚባል ሌላ ቦታ አለ፤ ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግል ነው። እዚያ ላይ ስሙን በቀላሉ ፊደል፣ በ«ሀ»፣ በ«ሰ»፣ በ«አ»፣ በ«ጸ» ብቻ እደግመዋለሁ። ያኔ ተበታትነው የነበሩት አንድ ላይ ይመጣሉ።

መልስ፦ ከለገጣፎ

ሰላም እህቴ። ታግ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የሚገባውን የዘፋኝና የዘፈን ስም፣ ከመጻፍሽ በፊት ዌቮቹን ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይሪያቸው። ዌቭ ታግ በደንብ አይዝም፤ አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው ላያነበው ይችላል። ፍላክ ከድምፁ ምንም አይቀንስም፣ ግዕዝ ፊደልም ያለ ችግር ይቀበላል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ፍላኩ ከዚያ በጣም ያንሳል። የመጀመሪያውን ፍላሽ ግን አትንኪው። ቅጂ አውጥተሽ በቅጂው ላይ ሥሪ።

ፊትና ጀርባ የተጣበቁትን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም ክፈቻቸው። መሃል ላይ ዝም ያለው ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታይሻል። እዚያ ላይ ምልክት አድርገሽ ለየብቻ ማውጣት ትችያለሽ። ስትጨርሺ ኤምፒስሪታግ በሚባለው ፕሮግራም 20 እና 30ውን ፋይል በአንዴ መርጠሽ ታግ ማድረግ ይቻላል።

ደግሞ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ስሚው። እኔ ስቀዳ መብራት ሄደብኝ። ላፕቶፑ በባትሪ መቅዳቱን ቀጠለ፤ ሸክላው ግን ቀስ እያለ ቆመ። የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ እየወፈረ ሄዶ የወንድ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ያወቅኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

መልስ፦ ከቡራዩ

በላቲን ብትጽፊው ይሻላል ባይ ነኝ። የእኔ መኪና ቴፕ ላይ አማርኛው አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ነው የሚታየው።

መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ሰበታ

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። የመኪናው ቴፕ የግዕዝ ፊደል ስላልተጫነበት ነው። ለመኪና ሌላ የኤምፒስሪ ቅጂ ይውጣና እሱ በላቲን ይጻፍ። ዋናው ግን በአማርኛ ይሁን። «ጸሐይ»ን በላቲን እንዴት እንደሚጽፉ አሥር ሰው ጠይቅ፤ አንድ ዓይነት መልስ አታገኝም።

ጠያቂዋ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። «ሚያዝያ 66»ን ዓመት ላይ ላስገባው? ዘውግ የሚለው ቦታ ላይስ ምን ይጻፋል? ሁሉንም «ኢትዮጵያዊ» ማለት ምንም አልጠቀመኝም።

መልስ፦ ጡረተኛ ሸክላ ሰብሳቢ፣ ኮተቤ

66 ብለሽ ብቻ አታስገቢ፤ ፕሮግራሙ 1966 እ.ኤ.አ. ሊለው ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8 ትደምሪያለሽ። ሚያዝያ 66 ስለዚህ 1974 ነው። ግን ልብ በይ፣ አባትሽ የጻፉት የገዙበትን ቀን ይመስለኛል፣ የታተመበትን አይደለም። ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ በራሳቸው አባባል ጻፊው። ዓመቱን ወረቀቱ ካልነገረሽ ባዶ ተይው። በግምት ከመሙላት ባዶው ይሻላል።

ዘውጉን እኔ በቅኝት ነው የምለየው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። በእነዚህ የማይገባውን እተወዋለሁ። ትዝታ የቅኝትም የዘፈንም ስም ስለሆነ «ትዝታ ቅኝት» ብለሽ ለዪው። ጆሮሽ ካላረጋገጠልሽ አባትሽን ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ትናንት ማታ ከአባባ ጋር 12 ሸክላ ሠራን። እኔ ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። አንዱ ሸክላ ወረቀቱ ተልጦ ምንም አይነበብም ነበር። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ገና እንደገቡ፣ ዘፋኙ ሳይጀምር፣ «ይሄማ ክብር ዘበኛ ነው» አሉ። ባንድ የሚለው ላይ ጻፍኩት፤ ማስታወሻው ላይ «አባባ ሰምተው እንደነገሩኝ» አልኩ። የዘፋኙን ስም ግን ሊያስታውሱት አልቻሉም። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ለጊዜው «ያልታወቀ 01» ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ማታ እንደገና እንሰማዋለን።